እኔና አምባዛው የቀረንበት ጉብኝት

ክልላችን አዲስ በነበረ ጊዜ፣ ገና «ክልል ስድስት» እየተባለ በሚጠራበት ዘመን፣ አሶሳ ውስጥ ከቤት ይልቅ ታፔላ ይበዛ ነበር። አንድ ቢሮ ሲቋቋም መጀመሪያ ታፔላው ይመጣል፤ ቀጥሎ ማኅተሙ፤ ከዚያ ኃላፊው፤ ጠረጴዛው ሲደርስ ይደርሳል። የእኔ ክፍል ዕድለኛ ነበር፤ ታፔላም ጠረጴዛም ነበረው። በግብርና ቢሮ ሥር «የዓሣ ሀብት ልማት ክፍል» ይባላል። ክፍሉ ማለት እኔ ነኝ። ኃላፊዋም፣ ባለሙያዋም፣ ጸሐፊዋም፣ ጠዋት ጠዋት ወለሉን የምጠርገውም እኔው ነበርኩ። ስብሰባ ስጠራ ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎብኝ አያውቅም።

ዲፕሎማዬ የዓሣ ነው። ዓሣ እንዴት ደረሰሽ ካላችሁኝ፣ ምደባ ነው፤ ደግነቱ ንብ አልደረሰኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ዓሣ ተማርኩ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ አይቼዋለሁ፤ በፎርማሊን ጠርሙስ ውስጥ ዓይኑ ፈጦ አይቼዋለሁ፤ መረብ ላይ ሲንፈራገጥ አይቼዋለሁ፤ ተጠብሶ ሎሚ ተጨምቆበት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ቀርቤ አይቼዋለሁ። በሕይወት ሆኖ፣ በገዛ ቤቱ፣ ሥራው ላይ ሳለ ግን ከጎን ሲዋኝ አይቼው አላውቅም። ወንዞቻችን ቀለማቸው ሻይ በወተት ነው፤ ዓሣ መኖሩ የሚታወቀው ሲያዝ ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ሳያይ የተመረቀ ሐኪም አለ ብትባሉ ትስቃላችሁ። እኔ ግን ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር። በልቤ አንድ ምኞት ነበረኝ፤ አንድ ዓሣ ሲዋኝ ከጎኑ ቆሜ ማየት። ምኞቱ ትንሽ ይመስለኝ ነበር። ክልል ማቋቋም ከዚያ እንደሚቀል ያወቅሁት በኋላ ነው።

ግብዣው የመጣው ከአንድ የውጭ ተራድኦ ድርጅት ነው። ዓሣ ለማልማት ለሚፈልጉ ክልሎች «የልምድ ልውውጥ» አዘጋጅቶ፣ ከእኛ ቢሮ አምስት ሰው ወደ አንዲት የባሕር ማዶ የወደብ ከተማ ጠራ። ፕሮግራሙ ላይ የዓሣ ማራቢያ አለ፣ ገበያ አለ፣ ንግግርም አለ። ረቡዕ ቀን ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ነገር ብቻ ተጽፏል፤ የከተማዋን ትልቁን አኳሪየም መጎብኘት። ሰው ከሥር እየሄደ ዓሣው ከላዩ የሚዋኝበት፣ ግድግዳው መስታወት የሆነ ቤት ነው ይላል ማብራሪያው። አንብቤ ስጨርስ ከመጀመሪያው እንደገና አነበብኩት። መቼም አምስት ሰው ለዓሣ ሲጠራ፣ በቢሮው ያለችው አንዲት የዓሣ ባለሙያ ትቀራለች ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል?

የቢሮው ኃላፊ የመንጌ ሰው ናቸው፣ ከበርታ ብሔረሰብ፣ ረጅም ዘመን አስተማሪ የነበሩ። ደግ ናቸው፤ ከደግነታቸው የተነሣ ማንንም እምቢ ስለማይሉ ነገር ሁሉ በእሳቸው ደጃፍ ተከምሮ ይቀር ነበር። አማርኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ሴትና ወንድ ለመለየት ጊዜ አያጠፉም፤ እኔ ለእሳቸው «አንተ» ነበርኩ። ግብዣውን ሳነብላቸው ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝና፦

«ልጄ፣ አንተ ጸሐፊ ነህ። ኮሚቴ እንሠራለን።»

በዚያ ዘመን ያለ ኮሚቴ ዝናብም አይዘንብም ነበር። ኮሚቴው ተቋቋመ፤ የሚጓዘውም ራሱ ኮሚቴው ነው። ሰብሳቢው ኃላፊው ናቸው። ሁለተኛው ሒሳብ ሹሙ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ጾም አጥባቂ፣ የካዝናውን ቁልፍ በአንገቱ የሚያንጠለጥል ሰው። ሦስተኛው የማንኩሽ ልጅ የሆነ የጉሙዝ ባልደረባችን ነው፤ ትንሽ ይናገራል፣ የሚናገረው ግን ለሳምንት ያስቃል። አራተኛው ከላይ ይላካል ተባለ። ከላይ የሚላከው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። አምስተኛው ወንበር «ለባለሙያ» ተብሎ ተያዘ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ለባለሙያ» የሚለውን ቃል ስጽፍ የእጄ ጽሕፈት እንዴት እንዳማረ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

የመጀመሪያው ስብሰባ አኳሪየምን በአማርኛ ምን እንበለው በሚል አለቀ። ሁለተኛው ስለ አለባበስ ነበር። ሒሳብ ሹሙ ሙሉ ልብስ ከክራቫት ጋር ግዴታ ነው አለ። የማንኩሹ ባልደረባችን፣ «ለዓሣ ነው ክራቫት?» ብሎ ጠየቀ። «ለክልሉ ገጽታ ነው» ተባለ። እሱም፣ «እኔ ዓሣ አውቃለሁ። ዓባይ ውስጥ ልብስ አውልቄ ነው የምገባው» አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በአለባበስ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል» ብዬ ጻፍኩ።

ከሁሉ የረዘመው ግን የምግብ ጉዳይ ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ለሚያውቅ ደግሞ ማስረዳት አያስፈልግም። በእኛ ቢሮ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ስብሰባው ለሁለት ይከፈላል። እስላሞቹ ወደ አንዱ ሥጋ ቤት፣ ክርስቲያኖቹ ወደ ሌላው። ጥል አይደለም፤ የታረደበት እጅና የተጠራበት ስም ነው። ጠዋት አብረን ተከራክረን፣ ተሳስቀን፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ወይ ሰደቃ በልቶ፣ ሥጋው ላይ ስንደርስ ግን ለየብቻ እንቀመጣለን። ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበን ወጥ በልተን አናውቅም ነበር።

«እዚያ አገር የሚያርደው ማነው?» አለ ሒሳብ ሹሙ።

«ለናንተ ነው የምትጠይቀው? ለኛስ ማነው የሚያርደው?» አሉ ኃላፊው።

ሁለቱም ደነገጡ። ለካ ሁለቱም እንደማይበሉ ተስማምተው ነው የተከራከሩት። ቆሎ እንያዝ፣ ዳቦ ቆሎ እንያዝ፣ ጭኮ እንያዝ ተባለ። ሒሳብ ሹሙ ሻንጣውን በስንቅ ከሞላ ክራቫቱን የት ያደርገዋል የሚል ጥያቄ ተነሣ። በመጨረሻ እኔ፣ ከማዕዘን፣ እንደ ባለሙያ ሐሳብ ሰጠሁ፦ «ዓሣ ብሉ። ዓሣ አይታረድም።»

ኃላፊው ሒሳብ ሹሙን አዩ፤ ሒሳብ ሹሙ ኃላፊውን አየ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ኮሚቴ ሳይቋቋምለት መኖሩ አሳፈራቸው መሰለኝ። «ለረቡዕ ግን አይሆንም» አለ ሒሳብ ሹሙ፤ እሱ በጾም ዓሣ ከማይበሉት ወገን ነው። ጉብኝቱ ደግሞ ረቡዕ ነው። በጾም ቀን ዓሣ ሲያዩ መዋል ይፈቀድ እንደሆነ የነፍስ አባቱን ጠይቆ መጣ። ማየት ይቻላል፣ መመኘት ግን አይቻልም ተባለ። የማንኩሹ ባልደረባችን ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ቀን እናየዋለን፣ ማታ እንበላዋለን። ለዓሣው ግን ነግረውታል?» አለ።

ከዚያ ስጦታው መጣ። ኃላፊው አንድ ቀን እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉና፦

«ሰው ቤት ባዶ እጅ አይሄድም። ነውር ነው፣ ወላሂ። ምን ይዘን እንሄዳለን?»

የቀርከሃ ወንበር ተባለ፤ አውሮፕላን ውስጥ አይገባም። ማር ተባለ፤ ይፈስሳል። የመንጌ ወርቅ ትንሽ ተብሎ ሳያልቅ ሒሳብ ሹሙ ቁልፉን በእጁ ጨበጠ። ማንጎ ተባለ፤ እስኪደርስ ይበሰብሳል። ኃላፊው ሁሉንም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የምንሄደው የዓሣ ቤት ነው። ሰው ቤት ስትሄድ ለቤቱ የሚሆን ነገር ትይዛለህ። እነሱ ሁሉ ዓሣ አላቸው፣ የኛን ዓሣ ግን የላቸውም። እኛ ሰው ብቻ ልከን ዓሣችን ሳይወከል ይቀራል?»

ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ድምፅ የተቆጠረው ሳይስቁ ነው። እኔ መሳቅ ነበረብኝ፤ ባለሙያ ነኝ። ግን የተማርኩት ትዝ አለኝ፤ አምባዛ ከውሃ ወጥቶ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አየርም ይተነፍሳል። ዓሣ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ዓሣውን የሚንከባከብ ባለሙያ አብሮ መሄዱ የግድ ነው። ስለዚህ «አምባዛ ከሆነ ይቻላል» አልኩ። ለአገሬ ስል ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

የቢሮው ሾፌር የባምባሲ ልጅ ነው። በባምባሲ አድርጎ ዳቡስ ወንዝ ድረስ ወርዶ፣ ከአጥማጆች ገዝቶ፣ በላንድክሩዘሩ ጀርባ ጆንያ ውስጥ አድርጎ አመጣው። ክንድ ተኩል የሚያህል፣ ጥቁር፣ ጢማም አምባዛ ነበር። መንገዱን ሁሉ በየጉድጓዱ እየቆምኩ ውሃ ሳፈስለት መጣሁ አለ። «ማሎ! እኔን እንዲህ ቀስ ብሎ ያጓጓዘኝ ሰው የለም» እያለ አወረደው። ከቢሮው ጀርባ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ በአግድም ከተቆረጠ የነዳጅ በርሜል ውስጥ አስገባነው። በርሜሉን አመድና አሸዋ ይዤ ስፈትገው የዋልኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ የክልሉ የመጀመሪያው ሕዝባዊ አኳሪየም ያ በርሜል ነበር ማለት ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ወሬው በከተማው ተሰማና ሰው ከገበያ ሲመለስ ጎራ እያለ ያይ ጀመር። «ውጭ አገር የሚሄደው ይኼ ነው?» ይላሉ። ፓስፖርት ወጥቶለት እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አለ፤ የምሩን ነው። ውሃውን እለውጥለታለሁ፤ ከምስጥ ኩይሳ ምስጥ እያመጣሁ አበላዋለሁ። አንዳንዴ ብቻዬን ሆኜ እላዩ ላይ አጎነብሳለሁ። የሚታየኝ ጀርባው ነው። ጥቁር ጀርባ፣ ጥቁር በርሜል፣ የደፈረሰ ውሃ። አየር ሊስብ ብቅ ሲል ጢሙንና አፉን አያለሁ፣ ወዲያው ይሰምጣል። ዓሣው በእጄ ሆኖ አሁንም ጎኑን አላየሁትም። ግድ የለም፣ ረቡዕ ቀን አያለሁ እለው ነበር። ከዓሣ ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር እንግዲህ።

ቤተሰቦቼ ሰፋሪዎች ናቸው። ያለፈው መንግሥት ከወሎ አምጥቶ በአሶሳ ዙሪያ ካሉት መንደሮች ባንዱ አሰፈራቸው፤ ስም ያልተረፋቸው፣ ቁጥር የተሰጣቸው መንደሮች ናቸው። እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ መጥቼ እዚያው አድጌአለሁ። ከአሶሳ ሌላ የማስታውሰው ልጅነት የለኝም። ጉዞውን ልነግራቸው ስሄድ እናቴ እልል አለች። አባቴ ግን ማሽላውን መውቃት ሳያቋርጥ ሰማኝና፦

«የሚወስድሽ መንግሥት ነው?»

«አዎ፣ አባ። ለጉብኝት።»

«እኛንም አገር ታያላችሁ ብሎ ነው የጫነን። መመለሻው እንዳለ ጠይቂ።»

ሳቅሁ። አባቴ አልሳቀም። እናቴ ለመንገድ ይሆንሻል ብላ አዲስ ነጠላ አወጣችልኝ። እኔም ከገበያ ጫማ ገዛሁ፤ ተረከዙ ከፍ ያለ፣ መስታወት ባለበት ቤት ውስጥ ሲራመዱበት ድምፅ የሚሰጥ ይመስለኝ የነበረ ጫማ።

ስለ ጉዞው ለጻፍነው ደብዳቤ ከላይ ምላሹ ሲመጣ ኃላፊው ወደ ቢሯቸው አልጠሩኝም። ራሳቸው ወደ እኔ ክፍል መጡ፤ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አለቃ በእግሩ ሲመጣ ደግ ነገር ይዞ አይመጣም። አልተቀመጡም። በመስኮቱ በኩል በርሜሉን እያዩ፦

«ልጄ፣ ተዋጽኦ አለ። የልዑካኑ ስም ከብሔረሰቡ ጋር ይጻፍ አሉ። በርታ ጻፍኩ፣ ጉሙዝ ጻፍኩ። ሺናሻ ከላይ ይመጣል። ማኦ መቅረት የለበትም። አንተን በየትኛው ልጻፍህ?»

«በባለሙያ ይጻፉኝ፣ ጋሼ።»

«እሱ ቦታ የለውም።»

«ሒሳብ ሹሙስ?»

ጢማቸውን አሻሹ። «እሱ አበሉን ይይዛል» አሉ። ይኼ እውነት ነው፤ አበል ብሔረሰብ የለውም፤ በሁሉም ዘንድ ዘመድ ነው። አምስተኛው ወንበር ለተዋጽኦው ተሰጠ፤ የተመረጠው ከሌላ መሥሪያ ቤት የማዳበሪያ መጋዘን ኃላፊ የሆነ ጨዋ ሰው ነበር፤ እሱን ለመጥላት ብዙ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ክልሉ እንዲህ መሆን የፈለገበት ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። እነዚህ ሕዝቦች ለስንት ዘመን በራሳቸው አገር ወንበር ሳይሰጣቸው ኖረዋል፤ አሁን ወንበር ሲመጣ ቆጥረው ቢቀመጡ ማን ይፈርድባቸዋል? ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን እኔም የምሄድበት ሌላ አገር የለኝም፤ ወሎ ብሄድ የአሶሳዋ ልጅ ይሉኛል። ያን ቀን ተናደድኩ።

«አንተ የኛ ነህ» አሉ ኃላፊው በሩ ላይ ቆመው። «ወረቀቱ ነው የማያውቅህ። ኸላስ፣ ምን ላድርግ።»

ለእኔ በተነገረኝ በማግሥቱ ለአምባዛውም ተነገረው። አየር መንገዱ ሕያው ዓሣ ያለ ጤና ማረጋገጫ አልጭንም አለ፤ ማረጋገጫውን የሚሰጠው አካል ገና አልተቋቋመም፣ ታፔላው ብቻ ነው የመጣው። እኔ ተዋጽኦ ጎደለኝ፣ እሱ ማኅተም ጎደለው። ሁለታችንም ቀረን። ሳላስበው ወደ በርሜሉ ሄጄ ነገርኩት። ብቅ ብሎ አየር ሳበና ሰመጠ። ነገሩን ከእኔ በተሻለ ሁኔታ ተቀበለው።

ልዑካኑ ከመነሣታቸው በፊት ባለው ቀን ኃላፊው ሰው ሁሉ ከማንጎው ሥር ይሰብሰብ አሉ። ዓሣው ምን ይሁን የሚለው የኮሚቴው የመጨረሻ አጀንዳ ነበር። ዳቡስ ይመለስ ብል ነዳጅ የለም ተባለ። ሒሳብ ሹሙ ስለ ንብረት አወጋገድ ሊያነሣ ሲል ኃላፊው በእጃቸው ገቱት። «እንበላለን። ሁላችን፣ አንድ ላይ» አሉ። ሒሳብ ሹሙ በጣቱ ቀን ቆጥሮ ዕለቱ ጾም አለመሆኑን አረጋገጠ።

የሚያወጣው ባለሙያ ነው ተባለ። በርሜሉን ከሾፌሩ ጋር ገፋነው፤ ውሃው ሣሩ ላይ ፈሰሰ፤ አምባዛውም አብሮ ወጣ። በክንፎቹ እየተቧጠጠ፣ እየተወዛወዘ በሣሩ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ዳቡስ አቅጣጫ፣ ይሄድ ጀመር። ጎኑን ያየሁት ያኔ ነው። ከታች በኩል ነጣ ያለ፣ ከላይ እንደ ዝናብ ደመና ዥጉርጉር ነበር። ይህን ሁሉ ቀን አጎንብሼበት ይህን ቀለም አላየሁትም ነበር። ሁሉም ይስቃል። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም።

የኃላፊው ባለቤት በባምያ ሠሩት፤ ከማሽላ ገንፎ ጋር አንድ ትልቅ ትሪ ላይ ወጣ። የመንጌው ሰው፣ የማንኩሹ ባልደረባችን፣ ሾፌሩ፣ የጎጃሙ ሒሳብ ሹምና እኔ፣ እጃችንን ታጥበን አንድ ትሪ ከበብን። አንዱ በስመ አብ አለ፣ አንዱ ቢስሚላሂ አለ። ከዚያ እጅ ሁሉ ወደ ትሪው ገባ። ክልላችን ስለ አንድነት ብዙ ንግግር አሰምቶናል፤ እኔ ግን አንድነትን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሒሳብ ሹሙ ከኃላፊው ጋር ላንድ ቁራጭ እጅ ለእጅ ሲጋጩ። ኃላፊው ከጀርባው ሥጋ ለይተው አጎረሱኝ። ተናድጄባቸው ነበር፤ እምቢ ልል አስቤ ነበር። ጎረስኩ። ይጣፍጥ ነበር፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ሄዱ። በሄዱበት ሰሞን ረቡዕ ቀን ክፍሌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ይህን ጊዜ ገብተዋል፣ ይህን ጊዜ ከመስታወቱ ሥር ናቸው እያልኩ ዋልኩ።

ሲመለሱ ቢሮው ሁሉ ተሰብስቦ ሰማቸው። ሒሳብ ሹሙ በራሱ ስለሚወጣ ደረጃ ተናገረ፤ ቆመው ሳለ ደረጃው ይወስድዎታል፣ እግር ሥራ ፈታ አለ። የማዳበሪያው ሰው ስለ ብርዱ አወራ። ከላይ የተላከው ስለ ገበያው አወራ። የማንኩሹ ባልደረባችን፣ «ብዙ ሰው አለ፣ ማንም ማንንም ሰላም አይልም» ብሎ ተቀመጠ። ዓሣውስ ስል፣ «እ፣ ብዙ ነው» አሉኝ ተቀባብለው። ክራቫታቸው ግን እንዳማረ ነበር።

በነጋታው ኃላፊው እንደገና በእግራቸው ወደ ክፍሌ መጡ። ከረሜላ ይዘውልኛል። ይህን ጊዜ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር አየሁ። ለሌላ ሰው አልነገርኩም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከመስታወቱ ፊት ቆሜ ጠፍጣፋ ነገር መጣ። እንደ ሰፌድ ሰፊ ነው። ጎኖቹን እያርገበገበ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ወደ ላይ ወጣ። ፊት አለው፣ ወላሂ። ሁለት ዓይን፣ አፍ። ይስቃል። እኔም ሰላም አልኩት። አስጎብኚዋ በሷ ቋንቋ ብዙ አወራች፣ እኔ አልገባኝም። እሱ ምንድነው?»

ያ የሻርክ ዘመድ የሆነ ጠፍጣፋ ዓሣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ በጠመኔ፣ የቱ ጋ ተስሎ እንደነበር ሁሉ ታወሰኝ። ነገርኳቸው። ያዩት ሆዱን ነው አልኳቸው። ዓይን የመሰለዎት ሁለቱ ቀዳዳ አፍንጫው ነው፤ ከእነሱ በታች ያለው አፉ ነው፤ ሳቅ አይደለም፣ አፉ እንደዚያ ነው የተሠራው። ዓይኖቹ ከላይ፣ በጀርባው በኩል ናቸው።

«እንግዲያ እኔን አላየኝም?»

«አላየዎትም፣ ጋሼ።»

«ሰላም ብዬው ነበር» አሉ፤ ከልባቸው አዘኑ። ከዚያ ቀጥል አሉኝ። ቀጠልኩ። አጥንት እንደሌለው፣ አከርካሪው እንደ ጆሮ ጫፍ ለስላሳ እንደሆነ፣ ቀን አሸዋ ለብሶ እንደሚተኛ፣ ጎኖቹ የሚያርገበግባቸው ክንፎቹ እንደሆኑ፣ ከሆዱ በኩል የተሰለፉት ቀጫጭን ስንጥቆች የሚተነፍስባቸው እንደሆኑ ነገርኳቸው። «አዎ፣ አዎ፣ ስንጥቆች ነበሩ!» ይላሉ። አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ያስተምሩ በነበረ ጊዜ ተማሪዎቻቸው እንዲሰሟቸው ይመኙ በነበረው ዓይነት ሰሙኝ። እጄን ዘርግቼ አዋኛኘቱን አሳየኋቸው። ጠመኔው ስለማይንቀሳቀስ ይሄን ከራሴ ነው የጨመርኩት።

«እንደዚህ ነው?» አልኳቸው።

«እንደሱ ነው! ልክ እንደሱ!»

ተነሥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ፊታቸው በርቶ ነበር። «ባረከላህ። አሁን ነው ያየሁት» ብለው ወጡ።

እጄ አየር ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ልክ እንደሱ ነው ብለዋል፤ አምናቸዋለሁ፤ እኔ አላየሁትምና ላመሳክር አልችልም። በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ።